ባለ 12 ጫማ የትሮሊንግ ዘንግ መሥሪያ ኪት፦ ለጣና ምኑ ይቆይ፣ ምኑ ይቀየር

ኪቱ፣ ማለትም ዘንግ በራስ ለመገጣጠም የሚያስፈልጉት ክፍሎች ስብስብ፣ የተዘጋጀው ለክራፒ ማጥመጃ ነው። ክራፒ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ጣና ላይ የለም። አብዛኛው ከአንድ ኪሎ በታች ይመዝናል፣ የአፉ ዙሪያም ስስ ስለሆነ ዘንጉ ትንሽ ከጠነከረ መንጠቆው ቀድዶት ይወጣል። እዚያ ያሉ አጥማጆች በኤሌክትሪክ ሞተር ቀስ ብላ በምትሄድ ጀልባ ፊት ላይ ከአራት እስከ ስምንት ረጃጅም ዘንጎች በመያዣ ይደረድራሉ። በዚህ ዓይነት እየጎተቱ ማጥመድ (ትሮሊንግ) ጊዜ ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዘንጉን በእጁ የሚይዝ ሰው የለም። ዓሣው መንከሱን የሚያሳየውም፣ መንጠቆውን የሚያስይዘውም የዘንጉ ጫፍ ራሱ ነው።

ይህ ኪት ጣና ላይ ለሚያጠምድ ሰው ይጠቅማል ወይ ከተባለ መልሳችን አዎ ነው፤ ግን እንደመጣ ሳይሆን ተቀይሮ። ብላንክ የሚባለው ያልተገጣጠመው ዘንግ ጥሩ ነው። ጫፍ ቀለበቱና የቀለበት ማሰሪያው ክርም ይሠራሉ። እጀታው ግን ለእኛ ጀልባና ለእኛ ዓሣ አይሆንም፣ የማጥመጃው ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ያንሳሉ፣ ኢፖክሲ የሚባለው በሁለት ፈሳሽ የሚደባለቅ ሙጫ መመሪያም የባሕር ዳርን የታኅሣሥ ሌሊት አስቦ የተጻፈ አይደለም።

ብላንኩን እንድንወደው ያደረገን ዋናው ነገር የጫፉ ልስላሴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጫፉ የለሰለሰው ለክራፒው ስስ አፍ ሲባል ነው። እኛ ዘንድ ጥቅሙ ሌላ ነው። በደንገል ታንኳም ሆነ በእንጨት ጀልባ በመቅዘፊያ የሚሄድ ሰው ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ መቅዘፊያው ውሃውን በገፋ ቁጥር ታንኳው ወደፊት ይመነጨቃል፣ መቅዘፊያው ሲነሣ ይዘገያል። አጭርና ደረቅ ዘንግ ይህን ምንጨቃ በሙሉ ለማጥመጃው ክር ያስተላልፋል፤ ኋላ የሚጎተተው ማታለያም (ሰው ሠራሹ ማጥመጃ) አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይሰምጣል። ለስላሳ ረጅም ጫፍ ግን ምንጨቃውን ጎንበስ ብሎ ይቀበለውና በመቅዘፊያው መነሣት ጊዜ መልሶ ይሰጠዋል። ማታለያው እኩል ይዋኛል። በገበያ የሚገኙት ባለ ሁለት ሜትር ተጣጣፊ ዘንጎች ይህን አያደርጉም፤ ባለ 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ዘንግ ደግሞ ተገጣጥሞ የሚሸጥበት ሱቅ በቀላሉ አይገኝም። ኪቱን ማስመጣት ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

የዓሣውን ልዩነትም ማወቅ ይገባል። በጣና ትሮሊንግ የሚፈለገው ነጭ ዓሣ ነው። በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባሉት እነዚህ ዓሦች ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሏቸው፤ ከእነሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። ማታለያ የሚከተሉትም እነዚሁ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ የሚፈጩበት ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ በመንጠቆው ፊት የብረት ሽቦ ማሰር አያስፈልግም፣ አፋቸውም እንደ ክራፒው አይቀደድም። ግን ከክራፒ እጅግ ይከብዳሉ፣ ከተያዙ በኋላም የመጀመሪያው ሩጫቸው ብርቱ ነው። ኪቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ልክ ነው፣ ታችኛው ግማሽ ግን ይለመጣል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ

ሁለት ቁራጭ ብላንክ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ83። የፎም እጀታ። የማጠንጠኛ (የማጥመጃው ክር የሚጠቀለልበት መሣሪያ) መቀመጫ ከነመቆለፊያው። ሰባት ቀለበቶችና አንድ ጫፍ ቀለበት። ቀለበት ማሰሪያ የሚሆን አንድ ጥቅል ናይለን ክር፣ ቀጭኑ ባለ ኤ መጠን። ኢፖክሲ በሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት መርፌ አልባ ስሪንጅ፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ ዱላ የሚቀልጥ ሙጫ። ለእጀታው የሚሆን ወፍራም ኢፖክሲ የለውም፤ እሱን ለብቻው መግዛት ግድ ነው። የቀለበት ማሰሪያው ቀጭን ኢፖክሲ እጀታ ላይ ከተደረገ ሳይደርቅ ወደ ታች ፈስሶ ያልቃል።

ብላንኩ ግራፋይት (የካርቦን ክር) እና ፋይበር ግላስ (የመስታወት ክር) የተቀላቀለበት ነው። ምርጫው ትክክል ነው። ንጹሕ ግራፋይት ቀላልና ንቁ ነው፤ ግን የጀልባ ጠርዝ አንዴ በደንብ ከመታው ስንጥቁ ሳይታይ ይቆይና በሌላ ቀን ዓሣ ላይ ይሰበራል። ንጹሕ ፋይበር ግላስ ምት ይችላል፤ በ12 ጫማ ርዝመት ግን ይከብዳል፣ በራሱ ክብደትም ጫፉ ይወርዳል። ቅልቅሉ መካከለኛ ነው። ብላንኩ እንደደረሰ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይን አስጠግቶ በርዝመቱ ማየት ነው፤ ትንሽ ጉብጠት የተለመደ ነው፣ እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ ከሆነ ግን ይመለስ።

ሁለቱ ቁራጮች የሚጋጠሙት የላይኛው የታችኛውን በመዋጥ ነው። የላይኛው ቁራጭ አፍ ስስ ነው፣ ምንም ማጠናከሪያም የለውም። ኪቱን እንደከፈቱ አጋጥሞ ማጉበጥ ያጓጓል፤ አፉ የሚሰነጠቀው በዚያን ጊዜ ነው። ከሁሉም ነገር በፊት አፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በክር ጠምጥሞ ኢፖክሲ መቀባትና እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲጋጠም እንዳይጣበቅ የሻማ ሰም በስሱ ይታሻል። የንብ ሰም በየቤታችን ቢኖርም ለዚህ አይመከርም፤ ስለሚያጣብቅ የበጋውን አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ደግሞ መጋጠሚያውን ይፍቃል።

እጀታው፦ ፎሙን አስቀምጡት፣ ቀርቀሃ አምጡ

የኪቱ ፎም ለእጅ ይመቻል። ግን የትሮሊንግ ዘንግ የሚውለው በእጅ ሳይሆን በመያዣ ውስጥ ነው። እዚህ መያዣ የሚሠራው ከውሃ ቧንቧ ነው፤ ፕላስቲኩን ቆርጦ ወይም ብየዳ ቤት ወስዶ ብረቱን አስበይዶ። የብረቱ አፍ ፎሙን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ከዚያ የባሰው ግን ፎሙ ለብላንኩ ምንም ጥንካሬ አለመጨመሩ ነው።

የተሻለው መንገድ ከአዊ ደጋ የሚመጣው ቀርቀሃ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩበት ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የብላንኩ ታችኛ ጫፍ በዚህ ባዶ ውስጥ ገብቶ ሲጣበቅ ሁለት ችግር አንድ ላይ ይፈታል። 60 ሴንቲ ሜትር ቀርቀሃ የብላንኩን ታችኛ 60 ሴንቲ ሜትር አይታጠፌ ያደርገዋል፤ የሚታጠፈው ክፍል ወደ 3 ሜትር ይወርዳል፣ የሚለመጠው ታችኛ ግማሽም ይደነድናል። ጫፉ ግን አይነካም። ዘንጉ ከእጅ ቢያመልጥም አየር የያዘው እጀታ ወደ ላይ ስለሚይዘው የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ከባድ ማጠንጠኛ ካለበት ግን በዚህ አትተማመኑ፣ በገመድ እሰሩት።

ቀርቀሃው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ የበሰለ ይሁን። የአንድ ዓመቱ ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃልም። በበጋ የተቆረጠ ይሻላል፤ በክረምት የተቆረጠ ውሃና ስታርች ስለሚበዛው ነቀዝ ይወደዋል። ሻጩ የተቆረጠበትን ጊዜ ካላወቀ ቁራጩን ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ስታርቹን ማስለቀቅ፣ ከዚያ በጥላ ሥር አቁሞ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና በርዝመቱ ይተረተራል። በደንብ የደረቀ ቀርቀሃ ሲመታ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ እርጥቡ ይታፈናል። እርጥብ ቀርቀሃ ላይ የተጣበቀ ብላንክ ከወራት በኋላ ውስጡ መንቀጫቀጭ ይጀምራል፤ ቀርቀሃው ደርቆ ሲጠብና ሲሰነጠቅ ሙጫው ስለሚላቀቅ ነው።

ከግንዱ የላይኛው ቀጭን ክፍል የውጭ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ምረጡ። መያዣው የሚሠራበት ቧንቧ የውስጥ ስፋት ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ ኢንች ተኩል ቧንቧ ይበቃዋል። ከታች ያለው አንጓ ይዘጋ፣ እሱ የእጀታው መቀመጫ ነው። ከእሱ በላይ ያሉት አንጓዎች ውስጣቸው ግድግዳ ስላለው በጋለ ብረት ይበሳሉ፤ ዋሽንት ሠሪ እንደሚበሳው። ብረቱን ቀስ እያሉ እያዞሩ ማስገባት ነው፤ ከተገፋ ቀርቀሃው ከውስጥ ይሰነጠቅና ከውጭ አይታይም። የላይኛው አፍና የታችኛው ጫፍ 3 3 ሴንቲ ሜትር በክር ተጠምጥመው ኢፖክሲ ይቀቡ። ይህ ጥምጥም ካልተደረገ የመጀመሪያው ከባድ ዓሣ አፉን ይፈለቅቀዋል።

ብላንኩ ከቀርቀሃው ባዶ ይቀጥናል። ክፍተቱን ለመሙላት የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ቴፕ በቂ ነው፤ ግን አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴፑ በብላንኩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተጠመጠመ ሙጫው ብላንኩን አያገኘውም፤ የሚይዘው ወረቀቱን ነው። ውሃ ሲገባ ወረቀቱ ይበሰብሳል፣ እጀታው በእጅ ውስጥ መዞር ይጀምራል። ትክክለኛው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀለበታማ ጥምጥሞች በ3 በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማድረግ ነው። በጥምጥሞቹ መካከል ያለውን ቦታ ወፍራሙ ኢፖክሲ ይሞላዋል። ከማጣበቅ በፊት ብላንኩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ አንጸባራቂነቱ ይጥፋ፣ በአልኮልም ይጠረግ።

የዋንዛ እንጨት በቶርኖ አስለስሎ መጠቀምም ይቻላል። ያምራል፣ ለማጣበቅም ታማኝ ነው፤ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቀጥ አድርጎ መብሳት ለብዙ እንጨት ቤት ከባድ ስለሆነ ለሁለት ተሰንጥቆ መሐሉ ተቦርቡሮ እንደገና መጣበቅ አለበት። ክብደቱም ከቀርቀሃው ይበዛል።

የማጠንጠኛው መቀመጫ ቦታ ላይ የኪቱን ሥዕል አትከተሉ። ሥዕሉ ከታች 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያደርገዋል። መያዣው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እጀታ ስለሚውጥ የማጠንጠኛው እግር ከመያዣው አፍ ጋር ይጋጫል። 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። በቀርቀሃው ላይ መቀመጫው በቀጥታ አይገባም፤ ለሱ በሚሆን ቦታ ላይ ቀርቀሃው በሞረድ ይሳሳል፣ ወይም የእግር መቀመጫው ብቻ ተወስዶ በወፍራም ክርና በኢፖክሲ ይታሰራል። ሁለተኛው ለቀርቀሃ ይሻላል፤ ቅርፊቱ የቀርቀሃው ጥንካሬ ያለበት ስለሆነ ማሳሳት ያዳክመዋል።

ቀለበቶቹ

ብላንክ ሲሠራ ጨርቁ ተደራርቦ ስለሚጠመጠም በአንዱ ጎኑ ይበልጥ ይጠነክራል። ያንን ጎን ለማግኘት የቁራጩን ታች ለስላሳ ወለል ላይ አቁሞ መሐሉን በአንድ እጅ መዳፍ ደግፎ ጫፉን በሌላው እጅ ወደ ታች መጫንና ማንከባለል ነው፤ ብላንኩ በአንድ ቦታ ላይ ራሱ ዘሎ ይቀመጣል። ቦታው በቴፕ ምልክት ይደረግበት። ሁለቱም ቁራጮች ለየብቻ ይፈተናሉ፣ ምልክቶቻቸውም ሲጋጠሙ አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። ቀጥታውን መስመር አይቶ ቀለበት የሚያስቀምጡ ሠሪዎች አሉ፤ ዘንጉ ሲታይ ያምራል። ለትሮሊንግ ግን የጠንካራውን ጎን መስመር መከተል ይሻላል ብለን እናምናለን፣ ዘንጉ ሰዓታት ሙሉ ጎብጦ ስለሚቆም በመያዣው ውስጥ ወደ ጎን መዞር አይገባውም።

ጫፍ ቀለበቱ መጀመሪያ ይገባል። ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር በኢንች 64ኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር 5 ማለት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በሚቀልጠው ሙጫ ይለጠፍ፣ በኢፖክሲ አይለጠፍ። ጫፍ ቀለበት ቶሎ የሚጎዳ ክፍል ነው፤ በሙጫ የተለጠፈው በላይተር ሙቀት ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ በኢፖክሲ የተለጠፈውን ለማውጣት ብላንኩ ይቃጠላል። እሳቱም ሙጫውን እንጂ ብላንኩን አይንካ።

ሰባት ቀለበት ለክራፒ ይበቃ ይሆናል። ለነጭ ዓሣ አይበቃም። ለረጅም ዘንግ የተለመደው ልክ በየጫማው አንድ ቀለበት ነው፤ ከእጀታው በላይ 10 ጫማ ያህል ለሚቀረው ዘንግ 10 ቀለበት ማለት ነው። ሦስት ትንንሽ ቀለበቶች መጨመር አለባቸው። ቀለበት ሲያንስ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በሁለት ቀለበቶች መካከል ብላንኩን ይነካል፤ ይፈትጋል፣ ጭነቱም በጥቂት ነጥቦች ላይ ይከማቻል።

ትልቁ ቀለበት ከዘንጉ ሥር ለሚንጠለጠል (ስፒኒንግ) ማጠንጠኛ ከሆነ ከማጠንጠኛው ፊት ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከጫፉ በመነሣት የመጀመሪያው ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጣዩ 12፣ ቀጣዩ 15 እያለ ወደ ታች እየሰፋ ይሂድ። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ብቻ ናቸው፤ ውሳኔው የፈተና ነው። ቀለበቶቹን በጠባብ ቴፕ ብቻ ይዞ የማጥመጃውን ክር አሳልፎ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ጫፉ ላይ ማንጠልጠል፣ ዘንጉን ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። የክሩ መንገድ የብላንኩን ጉብጠት በትንንሽ ማዕዘን መከተል አለበት። ክሩ በሹል ማዕዘን የታጠፈበት ቦታ ካለ ጎረቤት ቀለበቶቹ ይጠጋጉ። መጋጠሚያው ላይ ግን ቀለበት አይቀመጥም።

ቀለበቱ ከመታሰሩ በፊት እግሩ በሞረድ እንዲሳሳ ያስፈልጋል። የፋብሪካው እግር ጫፉ ወፍራም ነው፤ ክሩ ከብላንኩ ወደ እግሩ ሲወጣ ይዘላል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ኢፖክሲውም በኋላ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ጫፉ እንደ ምላስ ስስ እስኪሆን ይሞረድ፣ ከሥሩ ያለው የሹል ብረት ቁራጭም ይጥፋ፤ ካልጠፋ ብላንኩን ይቧጭራል፣ ዘንግም የሚሰበረው ከእንዲህ ዓይነት ጭረት ተነሥቶ ነው።

ለመጠምጠም ማሽን አያስፈልግም። ካርቶን ሁለት ጎኑ ላይ ቪ ቅርጽ ተቆርጦ ዘንጉ ይጋደምበታል። የክሩ ጥቅል ኩባያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክሩም በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መካከል አልፎ ይወጣል፤ በመጽሐፉ ላይ የሚጫነው ክብደት የክሩን ውጥረት ይወስናል። ውጥረቱ ሲበዛ ክሩ ብላንኩን ያንቃል፣ ሲያንስ ቀለበቱ ይንሸራተታል። ከታሰረ በኋላ በጣት ሲገፋ በጭንቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ልክ ነው። ክሩ አምስት ስድስት ዙር በራሱ ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይጀምራል፣ ወደ እግሩ ይወጣል፣ ሊያልቅ ስድስት ስምንት ዙር ሲቀረው ከሌላ ክር የተሠራ ሉፕ (ለሁለት የታጠፈ ክር) ከሥሩ ገብቶ በመጨረሻ ጫፉን ስቦ ያወጣዋል።

ክሩ ሲያልቅ የልብስ ሰፊ ክር መጠቀም የሚያስቡ አሉ። አይመከርም። ፀጉራም ስለሆነ ኢፖክሲ ሲቀባ እሾህ ይሠራል። የጥለት ክር ለጌጥ ያምራል፤ ግን ኢፖክሲ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ስለዚህ የቀለም መጠበቂያ ካልተቀባ ጌጡ ይጠፋል። ሸክም በማይይዝ፣ ከእጀታው በላይ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ይዋል።

ኢፖክሲው

ከኪቱ ሥራ ሁሉ አብዛኛው ዘንግ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ የሚበላሸውም በአየሩ ምክንያት ነው። የቀለበት ኢፖክሲ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ክፍል በደንብ ይሠራል። ባሕር ዳር ቀን ላይ ይህ ሙቀት አለ። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ማታ የተቀባ ኢፖክሲ ወፍሮ ይቀራል፣ አረፋው አይወጣም፣ ጠዋት ሲነካ ይጣበቃል። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ብርዱ ይበልጣል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጀምሩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጠንከሪያው ሰዓት ያልፋል። ጠርሙሶቹ ከቀዘቀዙ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቁሙ።

ክረምቱ ሌላ ችግር አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ እርጥበቱ ስለሚበዛ ኢፖክሲው ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይወጣል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ሁለተኛው ቅብ ከዚያ ሽፋን በላይ ከተቀባ ይላጣል። በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ደርቆ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከታሸ በኋላ ብቻ ይቀባ። ሥራውን ለየካቲትና ለመጋቢት ማቆየት የሚችል ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠላት አቧራ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ወለሉን በውሃ ረጭቶ ማርጠብና በሩን መዝጋት ይበቃዋል።

ሁለቱ ፈሳሾች እኩል መጠን ይደባለቃሉ፤ ለአንድ ዘንግ አንድ ቅብ 3 ሚሊ ሊትርና 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በማንኪያ በግምት አትለኩ። ማጠንከሪያው ካነሰ ኢፖክሲው ለዘላለም ማስቲካ ሆኖ ይቀራል፤ መፍትሔውም መላጥና እንደገና መጠምጠም ነው። ሁለቱን ስሪንጆችም አታቀያይሩ፣ አንዱ ላይ ምልክት አድርጉ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ማደባለቅ፣ የኩባያውን ግድግዳና ታች እየፋቁ። በፍጥነት ማማሰል አረፋ ያስገባል። ከተደባለቀ በኋላ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ ስስ አድርጎ ማፍሰስ ይገባል፤ በኩባያው ውስጥ ከቆየ በራሱ ሙቀት ቶሎ ይጠነክራል፣ ፎይል ላይ ግን ጊዜ ይሰጣል፣ አረፋውም ይወጣል።

በመጀመሪያው ቅብ ላይ ስስት ይበጃል። ክሩ እንዲጠጣ ብቻ ነው። የክሩ ጫፍና የእግሩ መተላለፊያ ዋሻ ይሞላ፤ ያ ዋሻ ክፍት ከቀረ ውሃ ገብቶ እግሩን ያዝገዋል። የቀሩት አረፋዎች የአልኮል መብራት ነበልባል ከሥሩ በፍጥነት በማሳለፍ ይወገዳሉ። ኩራዝ ጥላሸት ስለሚተው አይሆንም።

ከዚያ ዘንጉ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ኢፖክሲው ወደ ታች ወርዶ ይንጠለጠላል። ትንሽ ሞተር ያለው ሰው መብራት እንዳይጠፋበት ይሥጋ፤ ከጠፋ በእጅ ይቀጥላል። በእጅ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ዙር፣ ለመጀመሪያው ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየ15 ደቂቃው ሌላ ሁለት ሰዓት። ሁለተኛው ቅብ በማግሥቱ። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ ሙሉ ጥንካሬ እስኪያገኝ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ደረቅ መስሎ ቢታይም ቀድሞ የተጎበጠ ዘንግ ቀለበቶቹ እግር ሥር ላይ ስንጥቅ ያወጣል።

ውሃ ላይ

የጫፉ ላይኛ 30 ሴንቲ ሜትር በነጭ ወይም በደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ይቀባ። ከኋላ የተዘረጋ ዘንግ ጫፉ በማለዳ ብርሃን ካልታየ ልስላሴው ምንም አይጠቅምም።

ታንኳ ላይ ከሁለት ዘንግ በላይ አይመከርም። የነገደ ወይጦ ሠሪዎች የሚያስሩት ደንገል ጠንካራ ጠርዝ የለውም፤ መያዣው በቀጥታ ከታሰረበት ደንገሉን እየፈታ ይሄዳል። በታንኳው ወገብ አግድም ሳንቃ ታስሮ መያዣዎቹ በሳንቃው ሁለት ጫፍ ይቸንከሩ። በብረት ወይም በእንጨት ሞተር ጀልባ አራት ዘንግ ይቻላል፤ ግን ሞተሩ በዝቅተኛው ፍጥነት እንኳ ለዚህ ዘንግ ሊፈጥን ይችላል። ከኋላ ባልዲ በገመድ መጎተት ፍጥነቱን ያወርደዋል።

ጣና ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ነው። ስለዚህ ከባድ እርሳስ አያስፈልግም። ብላንኩ እስከ 10 ግራም የሚሆን ማታለያ ይችላል፤ ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት ወይም ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ መሳይ ይበቃዋል። በሚጎተትበት ጊዜ ጫፉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጎንበስ። ጥልቅ ጠላቂ ትልቅ ማታለያ ከታሰረ ጫፉ ከመነሻው ታጥፎ ያልቃል፤ የመቅዘፊያውን ምንጨቃ የሚቀበልበት ነገር አይቀረውም፣ መንከስም አያሳይም። የማጥመጃው ክር 10 ፓውንድ (4 ኪሎ ተኩል ገደማ) የሚችል ይሁን፣ የማጠንጠኛው ፍሬን ደግሞ ሁለት ሙሉ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲንጠለጠልበት ገና መንሸራተት እንዲጀምር ይስተካከል። ኪቱ ላይ የተጻፈው ከ4 እስከ 8 ፓውንድ ነው፤ ቀርቀሃ ለሌለው ዘንግ ይህ ልክ ነው፣ ለተደነደነው ግን 10 አይበዛበትም።

እምቦጭ ባለበት ወገን ይህን ዘንግ ይዞ መሄድ ትርፍ የለውም። መንጠቆው አረሙን ሲይዝ ጫፉ ዓሣ እንደያዘ ያህል ይታጠፋል፤ በዘንጉ ኃይል ለማላቀቅ የሞከረ ሰው ጫፉን ይሰብራል። ክሩን በእጅ ይዞ መሳብ ነው። በአሥጋሪዎች መረብ አጠገብም ማለፍ አይገባም፤ ተንሳፋፊዎቹን አይቶ መራቅ የሰውን እንጀራ ማክበር ነው።

ነጭ ዓሣው በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በግልገል ዓባይና በሌሎቹ ገባር ወንዞች አፍ ላይ ተሰብስቦ ስለሚጠብቅ ለመያዝ ይቀላል። ግን በዚህ ዘንግ እዚያ መጎተት የለበትም፤ የጣና ነጭ ዓሣ በብዛት የሚመናመነው እንቁላል ሊጥል ሲሰበሰብ ስለሚያዝ ነው። ክረምቱን ዘንጉን ለመሥራት አታውሉት ያልነው በእርጥበቱ ምክንያት ነበር፤ ቀርቀሃ ለመምረጥና ቀለበት ለመሞረድ ግን ጥሩ ጊዜ ነው።

ለማን አይሆንም? ለቀረሶ አይሆንም። ቀረሶ በአብዛኛው አልጌ የሚበላ ስለሆነ የሚሮጥ ማታለያ አይከተልም፤ ለሱ ከዳር ቁጭ ብሎ በትል ወይም በሊጥ መያዝ ነው። ለአምባዛም አይሆንም። ትልቅ አምባዛ ከታች ተጣብቆ ሲጎትት ይህን ጫፍ ያለ ርኅራኄ ይፈትነዋል፤ አጭርና ወፍራም ዘንግ ይሻለዋል።

ዋጋውን በብር አንጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለገዢው አይጠቅመውም። ከኪቱ ዋጋ ይልቅ የሚከብደው ማጓጓዣው ነው፤ 1 ሜትር ከ83 የሆነ ቱቦ በፖስታም ሆነ በሻንጣ እንደ ትርፍ መጠን ይቆጠራል። ከውጭ ሰው የሚልክ ከሆነ ይኸው ብላንክ በሦስት ቁራጭ ይመረጥ፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ22 ስለሚሆን በቀላሉ ይጓዛል፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ወይም ወደ መራዊ በሚኒባስ ሲሄድም አይቸግርም። አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ስላለው ጥቂት ይከብዳል፣ ሁለቱም አፎች በክር መጠናከር አለባቸው። ኪቱን ስታዝዙ ሦስት ትንንሽ ቀለበቶች፣ ወፍራም የእጀታ ኢፖክሲ፣ ሁለተኛ ጥቅል ክርና በቱቦ ቁጥሩ ልክ ሁለት ጫፍ ቀለበት አብረው ይታዘዙ፤ ጫፍ ቀለበት በበር ሲቀረቀር ይታጠፋል፣ ያንን ልክ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አያገኙትም።